ትንሽ አገር በኃያል ጎረቤት ደጅ፦ ፊንላንድ ደኅንነቷን የጠበቀችበት መንገድ

በሰሜን አውሮፓ ዳርቻ፣ ክረምቱ በሚረዝምበትና ደንና ሐይቅ ምድሩን በሸፈነበት አገር የሚኖረው የፊንላንድ ሕዝብ ቍጥሩ ዛሬም ቢሆን ከ5.6 ሚሊዮን ብዙ አይርቅም፤ በምሥራቅ በኩል ግን 1,340 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ወሰን ከሩሲያ ጋር ያገናኘዋል። በሕዝብ ብዛትም ሆነ በጦር መሣሪያ ሊወዳደሩት ከማይቻል ጎረቤት አጠገብ ነጻነትን ጠብቆ መኖር እንደምን ይቻላል የሚለው ጥያቄ የዚህችን አገር መሪዎች፣ ሊቃውንትና ገበሬዎች ትውልድ በትውልድ ሲያሳስባቸው ኖሯል። የሰጡት መልስ እንደ ዘመኑ ጠባይ ተለዋውጧል፤ አንድ ጊዜ በመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን ተማመኑ፤ አንድ ጊዜ በገለልተኝነት፣ አንድ ጊዜ በጦር፣ አንድ ጊዜ ከትናንት ጠላት ጋር በመስማማት፣ በመጨረሻም ከብዙ መንግሥታት ጋር በጦር ኪዳን በመተባበር ደኅንነታቸውን ፈለጉ። መልሱ በተለዋወጠ ቍጥር እየጠነከረ የሄደው ግን አንድ እምነት ነው፤ ይኸውም አገርን እንዲጠብቅ የሚጠየቀው ሕዝብ በአገሩ ላይ እውነተኛ ድርሻ ሊኖረው ይገባል የሚለው ነው። ይህ እምነት በብዙ ደምና በብዙ ጸጸት የተገዛ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ በቅደም ተከተል መተረክ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተመለከተ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፊንላንድ ለብዙ መቶ ዓመታት የስዊድን መንግሥት ክፍል ሆና ከኖረች በኋላ በ1808 እና በ1809 በተደረገው ጦርነት በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት እጅ ገባች። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ እስክንድር ግን የአገሩን መማክርት በፖርቮ ከተማ ሰብስቦ ሃይማኖታቸውንና ጥንታዊ ሕጋቸውን እንደሚጠብቅላቸው ቃል ስለ ገባ፣ ፊንላንዳውያን በእርሱ ዘውድ ሥር የራሳቸውን አስተዳደር ይዘው ኖሩ፤ ቋንቋቸውን አሳደጉ፤ ትምህርት ቤት አበዙ፤ ኋላም የራሳቸውን ገንዘብ አሳተሙ። ይህ ዘመን ለዘጠና ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ1899 ዳግማዊ ኒኮላስ የአገሪቱን ሕግ አውጪ ሥልጣን የሚያጠብብ ዐዋጅ ባወጣ ጊዜ፣ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስማቸውን አኑረው አቤቱታ አዘጋጁ፤ መልእክተኞቻቸውም እስከ ፒተርስበርግ ድረስ ሄዱ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሊቀበላቸው አልፈቀደም። ፊንላንዳውያን ከዚህ የተማሩት ሕግ ለትንሽ ሕዝብ ትልቅ ጋሻ መሆኑን፣ ነገር ግን የሕጉ መከበር በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ እንደ ሆነ ጋሻው በአንዲት ቀን ዐዋጅ ሊቀደድ መቻሉን ነው።

በ1917 የሩሲያ ዘውድ በአብዮት ሲወድቅ የፊንላንድ ፓርላማ ዲሴምበር 6 ቀን ነጻነትን ዐወጀ፤ የሌኒንም መንግሥት በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀን ይህንኑ ነጻነት ተቀበለ። ይሁን እንጂ ነጻነቱ የተገኘው ሕዝቡ በሁለት በተከፈለበት ወራት ነበር። መሬት የሌለው ጭሰኛና በቀን ሥራ የሚያድር የፋብሪካ ሠራተኛ በአንድ ወገን፣ ባለርስቱና ባለሀብቱ በሌላ ወገን ቆመው ሲቋሰሉ ቆይተው፣ በጃንዋሪ 1918 ቀዮችና ነጮች ተባብለው ወንድም በወንድሙ ላይ ጦር አነሣ። የነጮቹ የጦር አዛዥ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሠራዊት ውስጥ እስከ ጄኔራልነት የደረሰው ካርል ጉስታፍ ማነርሄይም ነበረ፤ ነጮቹም በጀርመን ጦር ጭምር ተረድተው በሜይ ወር ድል አደረጉ። ሕዝቧ ከሦስት ሚሊዮን ጥቂት ብቻ ከሚበልጥ አገር ከ36,000 የማያንስ ነፍስ ጠፋ፤ ከእነዚህም ብዙ ሺሑ የሞቱት ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በእስረኞች ሰፈር በረኃብና በበሽታ ነው። አዲሲቱ አገር ገና ከውጭ ጠላት ጋር ሳትጋጠም በገዛ ልጆቿ እጅ ይህን ያህል ስለ ቆሰለች፣ አስተዋዮቹ መሪዎች ከሁሉ አስቀድሞ መጠገን የሚገባው የውስጡ ስንጥቅ መሆኑን ተረዱ።

ጥገናው በመሬት ተጀመረ። በ1918 ጭሰኞች የሚያርሱትን መሬት ገዝተው ርስታቸው እንዲያደርጉ የሚያስችል ሕግ ወጣ፤ በ1922 ደግሞ የገበሬዎች ፓርቲ መሪ የነበረውና ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኪዮስቲ ካሊዮ፣ ከትልልቅ ይዞታዎች ላይ ተገዝቶ መሬት ለሌላቸው የሚከፋፈልበትን ሕግ አጸደቀ። በእርስ በርሱ ጦርነት የተሸነፈው የሠራተኞች ወገን ፓርቲ በምርጫ ወደ ፓርላማ ተመለሰ፤ ከሽንፈቱ ዘጠኝ ዓመት እንኳ ሳይሞላም በ1926 መጨረሻ ቬይኖ ታነር የተባለው የሶሻል ዴሞክራቶች መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ መንግሥት አቋቋመ። በሚከተለው ዓመት ፕሬዚዳንቱ ታሞ ስለ ነበረ፣ የነጮቹ ድል በሚታሰብበት ሰልፍ ላይ ቆሞ የሠራዊቱን ሰላምታ የተቀበለው ይኸው ታነር ነው። ከራሱ ወገን ብዙዎች ቢቀየሙትም፣ አንድ የመንግሥት ሠራዊት የሁሉም ዜጎች ሠራዊት መሆን እንዳለበት በተግባር አሳየ።

የውጭው ነገር ግን ገና አልጠራም ነበር። በ1920 በታርቱ ከተማ ከሶቪየት ሩሲያ ጋር የሰላም ውል ተፈረመ፤ የፊንላንድን ልዑካን የመራው ዩሆ ኩስቲ ፓሲኪቪ ነበር፤ የዚህም ሰው ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። በ1921 የመንግሥታት ማኅበር በኦላንድ ደሴቶች ምክንያት በፊንላንድና በስዊድን መካከል የተነሣውን ክርክር መርምሮ፣ ደሴቶቹ በፊንላንድ ሥር ሆነው ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩና ጦር እንዳይሰፍርባቸው ወሰነ፤ ሁለቱም አገሮች ፍርዱን ስለ ተቀበሉ በማኅበሩ ላይ የነበረው ተስፋ ከፍ አለ። በ1922 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሩዶልፍ ሆልስቲ ከፖላንድ፣ ከኤስቶንያና ከላትቪያ ጋር በዋርሶ የተፈራረመውን ስምምነት ግን ፓርላማው አላጸድቅም ብሎ ሚኒስትሩን ከሥልጣን አወረደው፤ የፖላንድ ጠብ የፊንላንድም ጠብ እንዳይሆን ፈርቶ ነበርና። ስለዚህ አገሪቱ ከጦር ኪዳን ርቃ፣ በጄኔቭ በተቀመጠው በመንግሥታት ማኅበር ቃልና በ1932 ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተፈራረመችው ያለመጠቃቃት ውል ተማምና ቆየች።

ያ መተማመኛ የተናጋው ከፊንላንድ እጅግ በራቀች አገር፣ በኢትዮጵያ ላይ በደረሰው ግፍ ነው። ኢጣልያ የማኅበሩ አባል የነበረችውን ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የማኅበሩ 16ኛ አንቀጽ ግፈኛውን ይቀጣል፤ የተጠቃውንም ይታደጋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ማዕቀቡ ነዳጅ ዘይትን ሳይጨምር ቀርቶ፣ የሱዌዝም ቦይ ለወራሪው መርከቦች ክፍት እንደ ሆነ ቀረ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ጉባኤ ፊት ቆመው የሕዝባቸውን በደል ባሰሙ ማግስት፣ ማለትም ጁላይ 1 ቀን 1936 ፊንላንድ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ ሆላንድ፣ ስዊስና እስፓኝ በአንድነት መግለጫ አወጡ፤ የቃል ኪዳኑ አንቀጾች አንዳንዱ ተፈጽሞ አንዳንዱ በሚቀርበት ሁኔታ እነርሱ ብቻ በ16ኛው አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ታስረው ሊኖሩ እንደማይችሉ አስታወቁ። ለኢትዮጵያ ያልሆነው ኪዳን ለእነርሱም እንደማይሆን ተረድተው ነበር። ፊንላንድ ቀደም ሲል በ1935 መጨረሻ ከስካንዲናቪያ አገሮች ጋር በገለልተኝነት እንደምትቆም በፓርላማ አስታውቃ ስለ ነበረ፣ ከዚህ በኋላ ያን መንገድ ይበልጥ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

በ1937 የገበሬዎቹ ፓርቲና ሶሻል ዴሞክራቶቹ ተጣምረው መንግሥት አቋቋሙ፤ ከሃያ ዓመት ያህል በፊት በጦር ሜዳ የተፋጠጡት ወገኖች በአንድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተቀመጡ። የውስጡ አንድነት እንዲህ ሲበረታ የጦሩ ዝግጅት ግን ወደ ኋላ ቀረ። ከ1931 ጀምሮ የመከላከያው ምክር ቤት ሊቀ መንበር የነበረው ማነርሄይም መድፍና የጦር አውሮፕላን ይገዛ ዘንድ ደጋግሞ ቢማጠንም፣ መንግሥቱ ዓለም ሰላም ናት፤ ገንዘቡ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ይሁን እያለ አሳነሰበት። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ብዙ ወታደር የገዛ ልብሱን ለብሶ ከመንግሥት ቀበቶ፣ የቆብ ምልክትና ጠመንጃ ብቻ ተቀብሎ ዘመተ፤ ይህንንም አለባበስ ሕዝቡ በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር በካያንደር ስም ጠራው።

በኦገስት 1939 ሂትለርና ስታሊን ሲዋዋሉ፣ በምስጢሩ ክፍል ፊንላንድ ለሶቪየት ኅብረት ድርሻ ተደርጋ ነበር። በኦክቶበር ስታሊን የፊንላንድን መልእክተኞች ወደ ሞስኮ ጠራ፤ የሄዱትም ፓሲኪቪና፣ በኋላ የተጨመረው ታነር ነበሩ። የፊንላንድ ወሰን ከሌኒንግራድ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቅ ስለ ነበረ፣ ስታሊን በካሬልያ ልሳነ ምድር ወሰኑ ወደ ኋላ እንዲገፋ፣ በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ያሉ ደሴቶች እንዲሰጡት፣ በሃንኮም የጦር ሰፈር እንዲከራይ ጠየቀ፤ በለውጡ በሰሜን ምሥራቅ በስፋት እጥፍ የሚሆን ነገር ግን ጠፍ የሆነ መሬት እሰጣለሁ አለ። ፓሲኪቪ ጥቂት ሰጥቶ ብዙውን ማዳን ይሻላል ብሎ መከረ፤ የጦሩን ድካም የሚያውቀው ማነርሄይምም እንዲሁ አሰበ። መንግሥቱና ሕዝቡ ግን ጥቂቱን የሰጠ ሁሉንም እንዲሰጥ ይገደዳል ብለው እምቢ አሉ። ጥቂት ሰጥታ ሁሉን ያጣችው የቼኮስሎቫክያ መከራ በዓይናቸው ፊት ነበርና ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው፤ የፓሲኪቪም ሥጋት እንዲሁ እውነት ነበረ። የሁለቱ ምክር ክርክር እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች መካከል አልተዘጋም።

ኖቬምበር 30 ቀን 1939 የሶቪየት ጦር ወሰኑን ጥሶ ገባ፤ የሄልሲንኪም ከተማ ከአየር ተደበደበች። ስታሊን ከሞስኮ ይዞ ያቆመው በኦቶ ኩሲነን የሚመራ የሠራተኞች መንግሥት የፊንላንድን ድኻ ሁሉ ያስከትላል ብሎ ተማምኖ ነበር፤ በ1918 የተገደሉት የቀዮች ልጆች ግን ከነጮቹ ልጆች ጋር በአንድ ምሽግ ውስጥ ገብተው ተዋጉ። ሃያ ዓመት ሙሉ መሬት ለጭሰኛው፣ ድምፅ ለሠራተኛው ሲሰጥ የተሠራው ሥራ ፍሬው በዚያች ክረምት ታየ። በጃንዋሪ 1940 አሠሪዎች የሠራተኛ ማኅበራትን እንደ ሕጋዊ ተነጋጋሪ አድርገው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀበሉ። በረዶው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በደረሰበት ደን ውስጥ፣ በበረዶ መንሸራተቻ የሚሄዱት የፊንላንድ ወታደሮች በሱኦሙሳልሚና በራቴ መንገድ ሁለት የሶቪየት ክፍለ ጦሮችን እየቈራረጡ አጠፉ።

የመንግሥታት ማኅበር በዲሴምበር ሶቪየት ኅብረትን ከአባልነት አስወጣ፤ ጦር ግን አልላከም። እንግሊዝና ፈረንሳይ የሚልኩት ጦር ተስፋም፣ ኖርዌይና ስዊድን መተላለፊያ ስለ ከለከሉ፣ ተስፋ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከስዊድን ስምንት ሺሕ ያህል በጎ ፈቃደኞች መጡ፤ ከእነርሱም መካከል ለኢትዮጵያውያን ስማቸው እንግዳ ያልሆነ ሰዎች ነበሩ። በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ኢትዮጵያውያን መኰንኖችን ያሠለጠነው ቪኪንግ ታም በበጎ ፈቃደኞቹ ጦር ውስጥ አዛዥ ነበረ፤ በ1935 እና በ1936 የቀይ መስቀልን አውሮፕላን እያበረረ የኢትዮጵያን ቍስለኞች የረዳው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም ለፊንላንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብርሯል። ይኸው ሰው ከ1946 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል የኢትዮጵያን አየር ኃይል ሲያደራጅ ኖረ፤ በመጨረሻም በ1977 በሶማልያ ወረራ ጊዜ በጎዴ ሕይወቱን ሰጠ።

ከ105 ቀን ጦርነት በኋላ ማርች 13 ቀን 1940 ሰላም ሆነ። ፊንላንድ 25,000 ያህል ልጆቿን ቀብራ፣ ከምድሯ አንድ ዐሥረኛ የሚሆነውን፣ ታላቂቱንም ከተማ ቪፑሪን አጣች፤ ከ400,000 የሚበልጥ የካሬልያ ሕዝብ ከባዕድ አገዛዝ ስደትን መርጦ ቤቱን ትቶ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። ነጻነቷ ግን ተረፈ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ምዕራፍ የሚከብድ ነው። ከሶቪየት ኅብረት ሌላ ጥቃት የምትፈራው ፊንላንድ ወደ ጀርመን ተጠጋች፤ በጁን 1941 ሂትለር ሶቪየት ኅብረትን ሲወርር እርሷም የጠፋ መሬቷን ልታስመልስ ገባች። መሪዎቿ የእኛ ጦርነት ለብቻው ነው እያሉ ከጀርመን ጋር የኪዳን ውል ሳይፈርሙ ቢቆዩም፣ ሠራዊታቸው ከጥንቱ ወሰን አልፎ ምሥራቅ ካሬልያን ያዘ፤ በዚያም በሰፈር ከተዘጉት ሩሲያውያን ሲቪሎች ብዙዎች በረኃብ ሞቱ። በኖቬምበር 1942 ደግሞ ከሌሎች ጋር ስምንት አይሁዳውያን ስደተኞች ለጀርመን ተላልፈው ተሰጡ፤ ከስምንቱ በሕይወት የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ የፊንላንድም መንግሥት በ2000 ስለዚህ ነገር ይቅርታ ጠየቀ። ትንሽ አገር በችግሯ ቀን ወደ ማንም ኃያል ብትጠጋ ችግሯ ከኅሊና ዕዳ ነጻ እንደማያወጣት በዚህ ይታወቃል።

በጁን 1944 የሶቪየት ጦር በታላቅ ኃይል ሲያጠቃ ፊንላንዳውያን በታሊና በኢሃንታላ ገትተው ያዙት። ጀርመን መሣሪያ የምትሰጠው በተናጠል ሰላም አንፈርምም የሚል ቃል ከተገባላት ብቻ ስለ ሆነ፣ ፕሬዚዳንት ሪስቶ ሪቲ ቃሉን ፓርላማ ሳያጸድቀው በገዛ ስሙ ብቻ ሰጠ። ከአንድ ወር በኋላ ከሥልጣን ወረደና ማነርሄይም ሲተካው፣ ቃሉ የሄደው ሰው ቃል ነው ተብሎ ከሞስኮ ጋር ሴፕቴምበር 19 ቀን 1944 የዕርቅ ውል ተፈረመ። ሪቲም በራሱ ላይ የወሰደውን ሸክም እስከ መጨረሻው ተሸከመ፤ ከጦርነቱ በኋላ በአሸናፊዎቹ ግፊት በተቋቋመ ችሎት የዐሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት።

የዕርቁ ዋጋ ብርቱ ነበር። የ1940 ወሰን ጸና፤ በሰሜን የፔትሳሞ ወረዳ ተጨመረበት፤ ለርእሰ ከተማዋ በጣም ቅርብ የሆነው ፖርካላ ለ50 ዓመት የሶቪየት የጦር ሰፈር እንዲሆን ተሰጠ፤ በ1938 ዋጋ የሚታሰብ 300 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሣም ተጣለ። ሆኖም የሶቪየት ጦር አገሩን አልያዘውም። ካሣው በመርከብ፣ በማሽንና በእንጨት ውጤት ይከፈል ስለ ነበረ፣ ፋብሪካዋ ጥቂት የነበረ አገር ብዙ ፋብሪካ አቆመች፤ በ1952 የመጨረሻውን ጭነት ልካ ዕዳዋን ጨረሰች፤ በዚያው ዓመት በጋ የኦሎምፒክ ጨዋታ በሄልሲንኪ ተደረገ። በ1945 በወጣው የመሬት ሕግ ደግሞ የካሬልያ ስደተኞችና የጦር ሜዳ ተመላሾች ከነባሩ ሕዝብ መሬት እየተከፈለ ርስት አገኙ። አንድም ሰው በስደተኛ ሰፈር ሲያረጅ ላለመተው የተደረገው ይህ መከፋፈል፣ እንደ አንድ ትልቅ ምሽግ የሚቈጠር የአገር መከላከያ ሥራ ነበር።

በ1946 ፕሬዚዳንት የሆነው ፓሲኪቪ አዲሱን መርሕ አቆመ። እርሱ እንዳሰበው፣ ሶቪየት ኅብረት በፊንላንድ ላይ ያላት ሕጋዊ ፍላጎት የሌኒንግራድ ደኅንነት ነው፤ በፊንላንድ በኩል ጥቃት እንደማይመጣባት ካረጋገጡላት የአገሪቱን የውስጥ ኑሮ ትተዋለች። በፌብሩዋሪ 1948 ስታሊን ከሃንጋሪና ከሩማንያ ጋር የተደረገውን የመሰለ ውል እንፈራረም ብሎ በደብዳቤ ጠየቀ፤ የፊንላንድ ልዑካን ግን የራሳቸውን ረቂቅ ይዘው ሄደው ኤፕሪል 6 ቀን በሌላ መልክ ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት ጀርመን ወይም ተባባሪዎቿ በፊንላንድ በኩል ቢያጠቁ ፊንላንድ የምትዋጋው በራሷ ምድር ላይ ነው፤ ርዳታ የሚመጣው ሁለቱ ከተስማሙ ነው፤ በመቅድሙም ፊንላንድ ከኃያላን ጠብ ውጭ ለመኖር ያላት ፈቃድ ተጻፈ። ይህች አንዲት ሐረግ ኋላ የገለልተኝነቷ መሠረት ሆነች። በ1955 ፊንላንድ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሆነች፤ በ1956 መጀመሪያም ፖርካላ ከጊዜው አስቀድሞ ተመለሰላት።

ፓሲኪቪን የተካው ኡርሆ ኬኮነን ይህን መንገድ ሩብ ምዕት ዓመት ይዞ ሄደ። በኦክቶበር 1961 በበርሊን ከተማ ምክንያት በኃያላኑ መካከል የተነሣው ጠብ በጦፈ ጊዜ ሞስኮ በ1948ቱ ውል መሠረት የጦር ምክክር እናድርግ ብላ ማስታወሻ ላከች፤ ኬኮነን እስከ ኖቮሲቢርስክ ተጕዞ ከሶቪየት መሪ ከክሩሽቾቭ ጋር ተነጋገረና ምክክሩ እንዲቀር አደረገ። ይህ ብልኀት ዋጋ ነበረው። ጋዜጦች ስለ ጎረቤቱ በደል ሲጽፉ ራሳቸውን ይገቱ ነበር፤ ሞስኮ የማትወደው ፖለቲከኛ ሚኒስትር መሆን ያስቸግረው ነበር፤ በ1973 የኬኮነን ዘመነ ሥልጣን በልዩ ሕግ ለአራት ዓመት ያለ ምርጫ ተራዘመ። ከውጭ ሆነው የሚመለከቱ ይህን እንደ ውርደት አዩት፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን የፊንላንድ ፓርላማ፣ ፍርድ ቤትና የግል ንብረት ሳይነኩ ቆሙ፤ በ1975 የ35 መንግሥታት መሪዎችም በሄልሲንኪ ተሰብስበው ስለ አውሮፓ ጸጥታና ስለ ሰብአዊ መብት የሚናገረውን የመጨረሻ ሰነድ ፈረሙ።

በዲፕሎማቶቹ ዝምታ ሥር ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በ1947 የፓሪስ የሰላም ውል የምድር ሠራዊቱ ከ34,400 እንዳይበልጥ ቢወሰንም፣ ወጣቱ ሁሉ በተራው የግዴታ ውትድርናውን ፈጽሞ ወደ ተጠባባቂነት ስለሚገባ፣ በችግር ቀን የሚጠራው ኃይል በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከ1961 ጀምሮ የፓርላማ አባላት፣ የፋብሪካ ሹማምንት፣ ጋዜጠኞች፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችና የቤተ ክህነት ሰዎች ከጦር መኰንኖች ጋር አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ አገር መከላከል የሚማሩበት ከፍተኛ ኮርስ ተከፈተ። ትልልቅ ቤት የሚሠራ ሁሉ የቦምብ መጠለያ አብሮ እንዲሠራ በሕግ ታዘዘ፤ ዛሬ በአገሪቱ ከ50,000 በሚበልጡ መጠለያዎች 4.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ሊጠለል ይችላል፤ በሄልሲንኪ ዓለት ውስጥ ከተፈለፈሉትም አንዳንዶቹ በሰላም ቀን የመዋኛና የስፖርት አዳራሽ ናቸው። እህል፣ ነዳጅና መድኃኒት ለብዙ ወራት እንዲበቃ ይከማቻል፤ ለዚህም ሥራ የነጋዴው ማኅበርና የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአንድነት ይመክራሉ። በዚህ ዐይነት የአገር ደኅንነት የሐኪሙም፣ የዳቦ ጋጋሪውም፣ የመብራት ሠራተኛውም ሥራ ሆነ።

ሶቪየት ኅብረት በምትፈራርስበት ጊዜ ፊንላንድ ፈጥና ተራመደች። በሴፕቴምበር 1990 የፓሪስ ውል የጣለባት የሠራዊት ገደብ ከእንግዲህ እንደማይሠራ አስታወቀች፤ በ1992 የ1948ቱ ውል በተራ የጎረቤትነት ውል ተተካ፤ በዚያው ዓመት 64 ኤፍ-18 ተዋጊ አውሮፕላኖች ለመግዛት ወሰነች፤ በ1995 መጀመሪያ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች። ብዙ የአውሮፓ አገሮች የጦርነት ዘመን አለፈ ብለው የግዴታውን ውትድርና ሲያስቀሩ፣ ጎረቤቲቱም ስዊድን በ2010 ስታቆመው፣ ፊንላንድ እንደ ያዘችው ቀረች፤ ጎተራዎቿንም አላራቈተችም። የጸጥታውን ፖሊሲ የሚገልጸው የመንግሥት ሪፖርት በየጊዜው ለፓርላማ እየቀረበ በግልጽ ይመከርበት ስለ ነበረ፣ መንግሥት ሲለወጥ መርሑ አብሮ አይገለባበጥም ነበር። ኔቶ የተባለውን የሰሜን አትላንቲክ የጦር ኪዳን በሚመለከትም ከኪዳኑ ጋር እየተለማመደች፣ አስፈላጊ ሲሆን የመግባት መብቷን ጠብቃ በደጅ ቆየች።

መግባቱ አስፈላጊ የሆነበት ቀን ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 መጣ። ሩሲያ በዩክሬን ላይ ሙሉ ጦርነት ስትከፍት፣ ከወራሪው ጋር በመግባባት ብቻ ደኅንነት ይገኛል የሚለው ተስፋ በፊንላንዳውያን ልብ ውስጥ ፈረሰ። ከጦርነቱ በፊት ወደ ኔቶ መግባትን የሚደግፈው ሕዝብ ከሦስት አንድ አይሞላም ነበር፤ በሜይ ወር ግን ከአራት ሦስት እጅ ያህል ሆነ። ፕሬዚዳንት ሳውሊ ኒኒስቶና ጠቅላይ ሚኒስትር ሳና ማሪን ሕዝቡን አልቀደሙትም፤ በኋላውም አልቀሩም፤ መንግሥቱ በኤፕሪል ሪፖርቱን ለፓርላማ አቀረበ፤ ሜይ 17 ቀን ፓርላማው 188 ለ8 በሆነ ድምፅ ደገፈው፤ ማመልከቻውም ከስዊድን ጋር በአንድነት ገባ። ኤፕሪል 4 ቀን 2023 ፊንላንድ 31ኛዋ የኪዳኑ አባል ሆነች።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ፊንላንድ በመጨረሻ የደኅንነትን ቍልፍ በኔቶ ውስጥ አገኘች ብሎ ሊደመድም ይችላል። ፊንላንዳውያን ራሳቸው ግን እንዲህ አያስቡም፤ ለዚህም ማስረጃው ከገቡ በኋላ የሠሩት ነው። የግዴታውን ውትድርና አላስቀሩም፤ መጠለያውን አልዘጉም፤ የእህሉን ክምችት አልቀነሱም፤ በጦርነት ጊዜ የሚሰለፈውን የ280,000 ሰው ሠራዊት አላሳነሱም። በ1936 በኢትዮጵያ ላይ የተፈጸመውን ያዩ፣ በ1940 የተነገራቸው ርዳታ ሳይደርስ የቀረባቸው ሰዎች ልጆች ስለ ሆኑ፣ የሌላው ቃል ኪዳን የሚጠቅመው በራሱ እግር የቆመን ሕዝብ መሆኑን ያውቃሉ። ለትናንሽ አገሮች ሁሉ፣ ለእኛም ጭምር፣ ከዚህ የሚተርፈው ትምህርት የቅደም ተከተል ትምህርት ነው። ፊተኛው ሥራ ድኻው ገበሬና ሠራተኛው አገሩን የእኔ ነው ብሎ እንዲጠራ የሚያደርገው ፍትሕ ነው፤ ሁለተኛው በሰላም ቀን የሚከማች ዝግጅት ነው፤ ሦስተኛው ስለ ጎረቤት ያለ ፍርሃትና ያለ ምኞት የሚደረግ ትክክለኛ ግምት ነው፤ ወዳጅና ኪዳን የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። ፊንላንድ ይህን ቅደም ተከተል በጠበቀችበት ጊዜ ምድሯን ስታጣ እንኳ ነጻነቷን አላጣችም፤ ወንድም ከወንድሙ በተለያየበት በ1918 ግን፣ የውጭ ኃይል ጣልቃ ቢገባም፣ ከሁሉ የከፋውን መከራ በራሷ ላይ ያመጣችው እርሷው ራሷ ነበረች።